ለኤምሪስ የመጣው ሾርባ

ኤምሪስ ፕሪዝ የሞተው ምሳውን በልቶ ብዙም ሳይቆይ ነው። የዌልስ ተወላጁ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር በማግስቱ ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ ልጁ ቤት ሊሄድ ኮፍያውን ራስጌው ላይ አዘጋጅቶ ነበር።

መርማሪ ቤታን ሮደሪክ ወደ ልብ ሕሙማን ክፍል ስትገባ ዶክተር ስታንዊክ እየጮኸ ነበር።

«ክኒን ቆጣሪ መድኃኒት ስታዝ ይኸው ነው! የደሙ ፖታሲየም ጣሪያ ነክቶ ልቡን አቆመው። ያዘዘችው እሷ ናት!»

ፋርማሲስቷ ኔሪስ ከሐኪሞቹ ቡድን ጋር መድኃኒት የማዘዝ ፈቃድ ካገኘች ወዲህ ዶክተሩ በስሟ ጠርቷት አያውቅም። አሁን ፈቃዷ ራሱ አደጋ ላይ ነው።

«ክኒኑ ፖታሲየም ከሰውነት እንዳይወጣ ያደርጋል፤ ለዚህ ነው ደሙን የምከታተለው» አለች። «ዛሬ ጠዋት ደህና ነበር። ዶክተር፣ እርስዎም አይተዋል።»

«ባየውስ?»

«ከጠዋት ወዲህ ምን ቀመሰ?» አለች ቤታን።

«የምራቱን ሾርባ። ‹ገና ዛሬ ምግብ ጣመኝ› ብሎኝ ነበር» አለች ኔሪስ።

ቤታን ሾርባው በመጣበት ፔርሙስ ውስጥ የቀረውን በጣቷ ነክታ ቀመሰች። ጨዋማ ነው፤ ኋላ ግን ይመራል። ወደ ላቦራቶሪ ላከችው።

ምራቱ ዳፍኒ ኮሪደር ላይ ቆማ ነበር። ቤታን ስለ ሾርባው ጠየቀቻት። «ጨው የሚባል አልነካሁም፤ ቅመም ነው። ሽማግሌ ምግብ ሲጣፍጠው ወንጀል ሆነ?»

«ኤምሪስ ነገ እርስዎ ቤት ነበር የሚመጣው?»

«ማን ጠየቀኝ? ቤቴ ሆስፒታል መሰላቸው!»

ውጤቱ ሲደርስ ቤታን ሦስቱንም ሰበሰበች።

«ጠዋት ደሙ ደህና ከነበረ፣ ያ ትንሽ ክኒን ብቻውን በግማሽ ቀን አይገድልም። ሌላ ነገር ገብቷል። ሾርባው በተራ ጨው ፈንታ በሚሸጥ ምትክ ጨው ተሞልቷል፤ እሱ ደግሞ ፖታሲየም ነው። እኔን አይጎዳኝም። ክኒኑን የሚወስደውን ኤምሪስን ግን ይገድላል።»

«ይህ ጨው እንደሚገድለው በምራቱ ፊት ነግሬዋለሁ» አለች ኔሪስ።

ዳፍኒ ሳቀች። «በዌልሽኛ! እኔ እንግሊዛዊት ነኝ፤ አንዲት ቃል አልገባኝም። ፓኬቱ ላይ ‹ለልብ ተስማሚ› ይላል፤ በደግነት ነው ያደረግሁት።»

«የአፍ መፍቻው ዌልሽኛ ነው፤ ሲጨነቅ እንግሊዝኛ ይጠፋበት ነበር» አለች ኔሪስ ቀስ ብላ። «ምን ላድርግ?»

«ደግነት ከሆነ ቅድም ‹ቅመም ነው› ብለው ለምን ዋሹ?» አለች ቤታን። ከዚያ ድምጿን ሳትለውጥ በዌልሽኛ ቀጠለች፤ «ቦርሳዎ ተከፍቷል፤ የጨው ፓኬቱ ይታያል።»

የዳፍኒ እጅ ወደ ቦርሳዋ ዘለለ። ዚፑ እንደተዘጋ ነበር።

«ዌልሽኛው ገብቶዎታል ማለት ነው።» ቤታን ቦርሳውን ተቀብላ ከፈተችው። ፓኬቱ ውስጡ ነበር።

ዳፍኒን ይዘዋት ሲወጡ ዶክተሩ ወደ ኔሪስ ዞረ። «ለወደፊቱ በእንግሊዝኛ ተናገሪ።»

ኔሪስ የሽማግሌውን ኮፍያ ከራስጌው አነሳች።

«የቱ ጨው እንደሚገድለው ያስተማርኳት እኔ ነኝ» አለች።