ዱባይን ለማያውቅ ሰው

አሚር የሱቁ በር ላይ ሲቆም ኢስራ መቀሱን ከእጇ አላስቀመጠችም። ቀና ብላ አየችው፣ የያዘችውን ጨርቅ እስከ ጫፉ ቆረጠች፣ ከዚያ በኋላ ነው የተናገረችው።

«ምን ልታዘዝ?»

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ ኢስራ።»

«ወዐለይኩም ሰላም። ጅልባብ ነው ሽርጥ የሚፈልጉት?»

በ«እርስዎ» መጠራቱ እንዳመመው አየች። ደስ አላት።

ኢስራ ሰባት ዓመት ዱባይ በሰው ቤት ሠርታ ከተመለሰች፣ ደሴ ፒያሳ ላይ ይህችን የስፌት ሱቅ ከከፈተች ሦስት ዓመቷ ነው። አሚርን ያወቀችው እዚሁ ነው። ኮምቦልቻ፣ በአጎቱ የመኪና መለዋወጫ መደብር ውስጥ ይሠራል። አንድ ቀን ለእናቱ ቀሚስ ሊያሰፋ መጥቶ፣ የእናቱን ቁመት ሲጠየቅ መልሱ ጠፍቶት እሷን እያየ ቆሞ ቀረ። በማግስቱ ቁመቱን ይዞ መጣ። በሦስተኛውም ቀን መጣ፤ ያን ቀን ግን ምንም የሚያሰፋው ነገር አልነበረውም።

ስድስት ወር እንደዚህ ከቆዩ በኋላ፣ ባለፈው ዓመት ዓረፋ ሲያልፍ፣ ሽማግሌ ላከ። አባቷ ደጋን ከተማ በሚገኘው ቤታቸው ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀብለው ለሁለት ሳምንት ቀጠሯቸው። በቀጠሮው ቀን ሙክት ታረደ፣ ጎረቤት ተጠራ። ሽማግሌዎቹ ግን አልመጡም። አባቷ አዲሱን ጋቢያቸውን እንደለበሱ እስከ መግሪብ በር በሩን ሲያዩ ዋሉ።

ወሬው በማግስቱ ደረሰ። የአሚር እናት ወይዘሮ ኡሙሰልማ አንድ ሰርግ ቤት፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «ሰባት ዓመት አረብ አገር የኖረች ሴት ምን ሆና እንደመጣች ማን ያውቃል? ለልጄ አልፈልጋትም» ብለዋል። አሚርም እዚያው ተቀምጦ ነበር። አንድ ቃል አልወጣውም። ከዚያ ቀን በኋላ ሱቋን ረግጦ አያውቅም።

ወይዘሮዋ ያሉትን ኢስራ ከብዙ ሰው አፍ ሰምታዋለች፤ ለምዳዋለች። ያልለመደችው የእሱን ዝምታ ነው።

«አጎቴ በሽር ለዕቃ ግዢ ዱባይ ሊልከኝ ነው» አለ አሚር፣ አሁንም ከደጃፉ ሳያልፍ። «ከአገር ወጥቼ አላውቅም። ማንን ብጠይቅ ኢስራን ጠይቅ ይለኛል።»

«ማንን ቢጠይቁ? እናትዎንም ጠየቁ?»

አሚር ከኪሱ ትንሽ ደብተርና እስክሪብቶ አወጣ። ደብተሩን ስታይ ሳቋ መጣ፤ የሚያስደስት ሳቅ አልነበረም።

«እንግዲያው ይጻፉ። ዴይራ በሚባለው ሰፈር፣ ናይፍ አካባቢ ይረፉ፤ ያበሻ ምግብ ቤት እዚያ ሞልቷል። አንድ የማውቀው ሆቴል አለ፣ ስልኩን እሰጥዎታለሁ። አንድ ሱቅ ዋጋ ሰምተው አይግዙ፤ አምስቱን ይዙሩ። ‹ወንድሜ› እያለ ክንድዎን የሚይዝ ደላላ ካጋጠመዎት ክንድዎን ያስለቅቁ። ቀትር ላይ በእግር አይሂዱ፤ ሙቀቱ የኮምቦልቻን ሙቀት እንዳይመስልዎት።»

እየጻፈ ነበር። ሳያስበው እንደ ድሮው ጠየቃት።

«ያ ረጅሙ ፎቅስ? ጫፉ ድረስ ይወጣል ይላሉ። አንቺ ወጥተሽበታል?»

መቀሱ ቆመ።

«በየቀኑ አየው ነበር» አለች ቀስ ብላ። «በምወለውለው መስኮት። ሌላ ምን ልንገርዎት? እኔ የማውቀው የጓሮውን በር ነው። ቆሻሻ የሚወርድበትን አሳንሰር ነው። ፎቁን በቅርብ ያየሁት ወደ አገሬ ልመለስ አየር ማረፊያ ሲወስዱኝ ነው፤ እሱንም ከመኪና ውስጥ። ሽርሽሩን ከፈለጉ የተሸራሸረ ሰው ይጠይቁ።»

«ኢስራ፣ ያን ቀን እኮ…»

«የመጡት ስለ ዱባይ ነው።»

አሚር አንገቱን ደፋ። የሆቴሉን ስልክ በቁራጭ ወረቀት ጽፋ፣ እጁ እጇን እንዳይነካው ጠረጴዛው ላይ ገፋችለት። ሊወጣ ሲዞር ጠራችው።

«አንድ ነገር ልጨምርልዎት። ሱፐርማርኬት ውስጥ ከእመቤታቸው ኋላ ኋላ ጋሪ የሚገፉ የአገራችንን ልጆች ያያሉ። እንዳላዩ አይለፏቸው። ሰላም ይበሏቸው፣ ከየት እንደመጡ ይጠይቋቸው። እርስዎ ዝም ማለት ይችሉበታል። እዚያ ግን ዝም አይበሉ።»

ሄደ። እሷ ወደ ጨርቋ ተመለሰች። አመሻሽ ላይ ስታየው ሁለቱንም እጅጌ የቀኝ አድርጋ ቆርጣዋለች። የሰው ጨርቅ ነበር። አሚርን ረገመችው።

*

አሚር ዱባይ በሄደ በዘጠነኛው ቀን፣ ሱቁ በር ላይ ባጃጅ ቆመና ወይዘሮ ኡሙሰልማ ወረዱ። ሰላምታ አልነበረም።

«ልጄን የት ነው የላክሽው?»

«እኔ?»

«አንቺ ነሻ! ያንቺን ምክር በደብተር ይዞ አይደል የሄደ? በየማታው ይደውልልኝ ነበር። ይኸው ሁለት ቀን ስልኩ ዝግ ነው። አጎቱም አላገኘውም። ወላሂ ልጄ አንድ ነገር ቢሆን…»

ኢስራ ለወይዘሮዋ ያዘጋጀችው ብዙ ቃል ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ ስታዘጋጀው ከርማለች። «ሁለት ቀን» የሚለውን ስትሰማ ሁሉም ከአፏ ጠፋ። ስልኳን አንስታ ሆቴሉ ጋ ደወለች።

እንግዳ ተቀባዩ የሰው ጉዳይ አልናገርም አለ። ኢስራ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ፣ ቃል በቃል እየረገጠች፣ በዚያ አገር አረብኛ ያዘችው። የልጁ እናት አጠገቧ ቆመው እንደሚያለቅሱ፣ እስኪነግራት ድረስ ስልኩን እንደማትዘጋ ነገረችው። በመጨረሻ ተረታ።

«ምን አለ?» አሉ ወይዘሮዋ።

«ሻንጣው ክፍሉ ውስጥ ነው ያለው። እሱ ግን ከትናንት ወዲያ ጠዋት እንደወጣ…» የቀረውን ልትለው አልቻለችም።

ወይዘሮ ኡሙሰልማ ትክ ብለው አዩዋት። ስልኩን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ እንዳጣበቀችው አዩ።

«አብሽሪ» አሉ ሳያስቡት። «አላህ አለ፣ አይዞሽ።»

ኢስራ፣ ናይፍ ምግብ ቤት የምትሠራ ሳምሪ የምትባል የድሮ ጓደኛ ነበረቻት። ለእሷ ደወለችና ከሥራዋ አስፈቅዳ እንድትፈልገው ለመነቻት። ከዚያ በኋላ መጠበቅ ብቻ ቀረ። ወይዘሮዋ «አብሽሪ» በማለታቸው የተጸጸቱ ይመስል ፊታቸውን መልሰው አጠቆሩ።

«ሱቅሽ ወንበር የለውም?»

ሰጠቻቸው። ሁለቱም ወደ ውጭ እያዩ ተቀመጡ። ቆይተው ወይዘሮዋ፣ «አረብኛሽ ደህና ነው» አሉ።

«ምን ሆና እንደመጣች ማን ያውቃል ብለው ነበር። አንዱን አወቁት።»

ወይዘሮዋ ሻርፓቸውን ወደ ግንባራቸው ሳቡ።

ዐሱር ሰላት ላይ ስልኩ ጮኸ። ሳምሪ ነበረች። «ሆቴሉ በር ላይ አገኘሁት፣ ይኸው!» አለችና ለአሚር ሰጠችው። ኢስራ ድምፁን እንደሰማች ያ ሁሉ «እርስዎ» ጠፋባት።

«የት ነበርክ? አንተ ሰውዬ፣ የት ነበርክ?»

«ደህና ነኝ። ሆስፒታል ነበርኩ፤ የታመምኩት ግን እኔ አይደለሁም።» ድምፁ እንቅልፍ ያጣ ሰው ድምፅ ነበር። ኢስራ ስልኩን ወይዘሮዋም እንዲሰሙት ከፍ አደረገችው። «ሱፐርማርኬት በር ላይ አንዲት ልጅ መሬት ተቀምጣ አየሁ። ሰላም አልኳት። የአገራችን፣ የኩታበር ልጅ ናት። ሆዷን ይዛ መቆም አቃታት። በታክሲ ሆስፒታል ወሰድኳት፤ ስንወርድ ስልኬን ታክሲው ውስጥ ረሳሁት። በቃሌ የማውቀው አንድም ቁጥር የለም። ኦፕራሲዮን አደረጓት። ዘመዷ እስክትመጣ ጥያት መሄድ አልሆነልኝም።»

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ ወይዘሮዋ፤ እንባቸው መጣ።

«እማ ናት? እማ እዚያ ናት?»

«እዚህ አሉ። እየሰሙህ ነው» አለች ኢስራ።

አሚር ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ትስማኝ እንግዲህ። እማ፣ ልጅቷ ስትነቃ ምን አለችኝ? አገሬ ስገባ ሰው ምን ይለኛል ብላ አለቀሰች። ስለ ቁስሏ አልጠየቀችም። እኔም እንዲያ ከሚሉት ሰዎች አንዱ ነኝ፤ አንቺ ስትናገሪ ዝም ብዬ ተቀምጬ ነበር። ኢስራን እወዳታለሁ። ያኔም እወዳት ነበር። ፈርቼ ነው።»

ኢስራ ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ቃል ነበር። ደረቷ ሞቀ፤ ወዲያው ደግሞ ንዴቷ መጣ። ይህን ለመናገር ባሕር መሻገር ነበረበት?

«በስልክ ጀግና መሆን ቀላል ነው» አለችው። «ዕቃህን ገዝተህ ና።»

ዘጋችው።

ወይዘሮ ኡሙሰልማ ዓይናቸውን ጠርገው ተነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ፣ ሳይዞሩ፣ «ሲመጣ ሽማግሌዎቹን መልሼ እልካለሁ» አሉ።

«አባቴን ያዋረዱት ሽማግሌዎቹ አይደሉም። እርስዎ ይምጡ።»

«እኔ?» ዞሩ። «ደጋን ድረስ? በምን ፊቴ ነው የምመጣው?»

«እዚህ በመጡበት።»

ባጃጅ በቁጣ ጠሩ። ደህና ዋይም አላሉ።

*

መጡ። አሚር ከተመለሰ በኋላ በሁለተኛው ጁምዓ፣ ከሽማግሌዎቹ ፊት ፊት እየሄዱ፣ ደጋን ከአባቷ ቤት ደረሱ። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ያያል። አባቷ ከመቀመጫቸው አልተነሡም።

«በሰው ፊት ነው የተናገርኩት» አሉ ወይዘሮ ኡሙሰልማ። «በሰው ፊት አጥፍቻለሁ እላለሁ። ዐፉ ይበሉኝ።»

አባቷ ተነሥተው ምንጣፉን በእጃቸው አመለከቱ። ሽማግሌዎቹ እየመረቁ ገቡ። ወይዘሮዋ ግን ኢስራ በቆመችበት በኩል ሲያልፉ ቆም አሉ።

«አንቺም ዐፉ በይኝ። ግን እንደዚያ ቀን ልጄ ላይ እንዳትጮኺበት።»

«ከጠፋ እጮህበታለሁ።»

ከንፈራቸው ሊስቅ ሲል ያዙት፤ ገቡ።

አሚር ከሁሉም ኋላ፣ ግቢው መሐል ቀርቶ ነበር። ከስቷል። ፀሐይ ፊቱን አክስሎታል። የሚለው ነገር እንዳለው አስታወቀ። ኢስራ አየችው፤ በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ከእሱ ሳትነቅል፣ እስክትጠግብ አየችው።

«ምን ትገተራለህ?» አለችው። «ግባ እንጂ።»