ክንድ ከስንዝር

ጠመንጃ ሠሪው ብረት በሚያስርበት ሞርሳ ስር በጀርባው ተጋድሟል። ደረቱ ላይ እርሳስ የማታስገባ ቀዳዳ አለች። እጅጌው ላይ አዲስ የብረት ብናኝ ያበራል። አጠገቡ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ አጭር ካራቢን ጠመንጃ፣ መሃሉ ተከፍቶ፣ ባዶ ቀለህ እንደያዘ ወድቋል። የጣቢያው ፖሊስ «ሲሞክር ባርቆበት» ብሎ ጨርሷል። ሬሳውን ሊያነሱ ሲሉ የሟች ሴት ልጅ በሩ ላይ ቆማ አላሳልፍ አለች።

«አባቴ ጠመንጃ አይባርቅበትም። መርማሪ ካልመጣ አይወጣም።»

መርማሪዋ መጣች። ጡረታዋ የደረሰ፣ እግሯ የሚያብጥ ሴት ናት። የትም ስትገባ መጀመሪያ የምትጠይቀው መቀመጫ ስለሆነ ባልደረቦቿ «እትዬ ወንበር» ይሏታል።

«ወንበር የለም?» አለች።

ልጅቷ ዱካ አቀረበችላት።

«አደጋ ነው ቢባል ምን ይጎድልብሻል?»

«ስሙ። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያስጠነቅቅ ኖሮ እንደ ዝንጉ አይቀበርም። እኔንም ያስተማረኝ እሱ ነው። እሱ ዝንጉ ከተባለ ነገ ጠመንጃውን አምኖ የሚሰጠኝ ማን ነው?»

«አብሮት የሚሠራው አጎትሽስ ምን ይላል?»

«አደጋ ነው ይላል። ሁሉም አደጋ ነው ብሎ ተገላገለ።»

«አንቺ የት ነበርሽ?»

«ዘይት ልገዛ ወጥቼ ነበር።»

መርማሪዋ ሬሳውን፣ ሸሚዙን፣ እጅጌውን ቁጭ እንዳለች አየች። ሸሚዙ ከደሙ በቀር ንጹህ ነው። ከዚያ ሬሳው እንዲወጣ ፈቀደች።

ካራቢኑን ያዘዘችው በቆሎዋን የዱር አሳማ የጨረሰባት ባለእርሻ ናት። ልትወስደው ተመልሳ መጥታ ነው ለቅሶ የጠበቃት።

«ወንድማማቾቹ በኔ ጠመንጃ ተጣሉ» አለች። «ታላቅየው ‹ስድስት ሚሊ ጥይት፣ አፈሙዙ ክንድ ከስንዝር› አለ። ታናሽየው ‹አስራ አንድ ሚሊ፣ አፈሙዙ ክንድ የማይሞላ› አለ። እኔ ምን አውቃለሁ? አሳማው ይሙትልኝ እንጂ።»

«ታዲያ እንዴት ሆነ?»

«ሁለቱንም አፈሙዝ በየፊናቸው ሠሩ። የቀረው አካሉ አንድ ነው፣ አፈሙዙ ይቀያየርበታል። ዛሬ ጠዋት አስተኮሱኝ። አጭሩ ትከሻዬን ነቀለው። አፉ ላይ የወጣው እሳት ይኼን ያህላል። ጆሮዬ እስካሁን ይጮሃል። ሟቹ ሳቀ። ‹ይህን ሁሉ ባሩድ በዚህች አጭር አፈሙዝ? ግማሹ ውጪ ነው የሚነደው። ጩኸት ነው የምትገዢው› አለኝ።»

«ታናሽየውስ?»

«ዝም አለ። ዝምታው ግን አላማረኝም። ረጅሙን መረጥኩ። ትንሽ ይቀረዋል፣ ከሰዓት ነይ ተባልኩ። ጋሪዬ ላይ ወጥቼ ትንሽ እንደሄድኩ ተኩስ ሰማሁ። ዞር ብዬም አላየሁ። እዚህ ሰፈር ጥይት ሲጮህ ዶሮ እንኳ ቀና አይልም።»

«ምን ዓይነት ድምፅ ነበር?»

«ቀጭን። እንደ ጅራፍ።»

መርማሪዋ ከግድግዳው አንድ አሮጌ ጠመንጃ አውርዳ ሰጠቻት። «እስቲ ያዢልኝ፣ ጫማዬን ላላላ።»

ባለእርሻዋ ግድግዳው ላይ አስደግፋው ወሬዋን ቀጠለች። ትንሽ ቆይቶ ያንኑ ጠመንጃ ልጅቷ ያዘች፤ ቀጭ አድርጋ ከፈተችው፣ ውስጡን አየች፣ እንደተከፈተ ጠረጴዛው ላይ አጋደመችው። ስለ አባቷ ሸሚዝ እያወራች ነበር፤ እጇን አላየችውም።

የሟቹ ታናሽ ወንድም ጓሮ ተቀምጧል። ዓይኑ ቀልቷል።

«ምሳ ልበላ ቤቴ ሄጄ ነበር» አለ። «ጋሼ በመጨረሻ ተረታልኝ። ‹ያንተን አጭሩን ደግሜ ልሞክረው› አለኝ። ትቼው ወጣሁ። ባርቆበት ነው። አጭር ስለሆነ ወደ ደረት ቢዞርም እጅ ቃታው ላይ ይደርሳል።»

«ይደርሳል» አለች መርማሪዋ፣ ያንኑ አሮጌ ጠመንጃ እያቀበለችው። «ይሄን ይያዙልኝ፣ ልነሳ።»

ጠመንጃውን ተቀበላት። ቀጭ። ከፍቶ ጭኑ ላይ አጋደመው።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለችና እያነከሰች ወደ ውስጥ ገባች። ካራቢኑን አንስታ አገላበጠችው። ከመደርደሪያው ረጅሙን አፈሙዝ አወረደች። ሌሎቹ ብረቶች አቧራ ለብሰዋል፤ እሱ ግን ዘይት ያንጠባጥባል። ተነፈሰችና ሁሉንም ጥሩልኝ አለች።

«ተቀመጡ። ሁላችንም ደክሞናል፣ ላሳጥረው። ይህ ካራቢን ተከፍቶ ነው የተገኘው። ደረቱን የተመታ ሰው ጠመንጃ አይከፍትም።»

«ሲወድቅ ተከፍቶ ይሆናል» አለ ታናሽየው።

መርማሪዋ ካራቢኑን ዘጋችና ለቀቀችው። መሬቱ ላይ ነጠረ። አልተከፈተም።

«ወንድምዎ የሠራው ነው። ስለዚህ ሌላ እጅ ከፍቶታል፤ ሳያስበው፣ በልማድ። ዛሬ ለሦስታችሁም ጠመንጃ አስያዝኩ። ባለእርሻዋ አስደገፈችው። ሁለታችሁ ከፍታችሁ አጋደማችሁት። ያስተማራችሁ አንድ ሰው ነው።»

«ታዲያ እኔም አለሁበት» አለች ልጅቷ።

«አለሽበት። ግን ግድያን አደጋ ያስመሰለ ሰው፣ ሁሉም አደጋ ነው ብሎ ሲጨርስለት ሬሳ አያስቆምም። ዝም ብትይ ኖሮ እኔ አሁን እግሬን ውሃ ውስጥ ነክሬ ነበር።»

ባለእርሻዋ ወንበሯን ከታናሽየው ትንሽ ፈቀቅ አደረገች።

«አጭሩ አፈሙዝ እሳት ይተፋል» አለች መርማሪዋ። «ከቅርብ ቢባርቅበት ሸሚዙ በተቃጠለ ነበር፤ አንዲት የባሩድ ነቁጥ የለበትም። ቀዳዳዋም ለአስራ አንድ ሚሊ ትጠባለች። የጮኸውም ቀጭን ነው። የገደለው ረጅሙ ነው፣ ከበሩ አካባቢ። ግን በክንድ ከስንዝር አፈሙዝ ማንም የገዛ ደረቱን አነጣጥሮ ቃታው ላይ አይደርስም። አደጋ እንዲመስል አጭር ያስፈልግ ነበር። አፈሙዙ ተቀየረ፣ የጠዋቱ ሙከራ ቀለህ ተከተተበት፣ ረጅሙ ተወለወለ። ርዝመቱ ታሰበ፣ ውፍረቱ ተረሳ።»

«ጋሼ ሊሞክረው ነበር እያልኩ» አለ ታናሽየው።

አጭሩን አፈሙዝ ወደ መስኮቱ አዞረችው። መሃሉ ላይ የመጋዝ ጠባሳ አለ፤ አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ።

«ብናኙ እጅጌው ላይ ነበር። ሊሞክረው የፈለገ ሰው በመጋዝ አይጀምርለትም።»

ታናሽየው እጁን ዘርግቶ ጠባሳውን በአውራ ጣቱ ዳበሰው።

«ክረምቱን ሙሉ ነው የሠራሁት» አለ። «ሞርሳው ላይ አሰረው። እያፏጨ። ‹ቁርጥራጩ ለኮት መስቀያ ይሆናል› አለኝ። እንዲተውልኝ ለመንኩት። ዕድሜዬን ሙሉ የሱን ስሞርድ ኖሬ፣ የኔ ያልኩት ይሄን ብቻ ነበር። ረጅሙ ካራቢኑ ላይ ተገጥሞ፣ ጎርሶ፣ በሩ ጋ እጄ አጠገብ ተቀምጧል። ለሴትዮዋ ሊያስተካክለው ነበር።»

መርማሪዋ የፖሊሱን ወረቀት ተቀብላ «ባርቆበት» የሚለውን ሰረዘች። ለልጅቷ አሳየቻት። ልጅቷ አየችው፣ ራሷን ነቀነቀች። የፈለገችውን አግኝታለች፤ ፊቷ ላይ ግን ምንም አልነበረም።

ፖሊሱ ይዞት ሲወጣ ታናሽየው በሩ ላይ ቆም አለ።

«ጠመንጃው ሲመለስልሽ ለሴትዮዋ ረጅሙን ስጫት» አለ ሳይዞር። «ጋሼ ልክ ነበር።»

«ጠዋት ብትለው ምን ነበር፣ አጎቴ?»