የያሕያ ድርጭት

ያሕያ ሙሄ ሸዋ ሮቢት ዳር፣ ከመስኖው ቦይ አጠገብ ባለው ቤቱ ውስጥ በጀርባው ተዘርግቶ ተገኘ። ጭንቅላቱን አሮጌ የወፍጮ ድንጋይ መትቶታል። አንዲት ድርጭት ኮቱ ውስጥ ተወሽቃ አልወጣም ብላለች።

«በዚህ ሙቀት መቼ እንደሞተ ልንገርሽ ብል እዋሻለሁ» አላት ሐኪሙ ለኢንስፔክተር ውባለም።

የሟቹ ታላቅ እህት እትዬ ዘምዘም ግን ፍርዳቸውን ጨርሰዋል። «የገደለችው ሚስቱ ናት! ጠዋት ጩኸታቸው እኔ ጓሮ ድረስ ይሰማ ነበር። ከዚያ ወዲያ ወንድሜን ያየው የለም። እሷ አጣዬ ለቅሶ ሄድኩ ብላ ለመግሪብ ሶላት፣ ጀምበር ስትጠልቅ ተመለሰችና ሞቶ አገኘሁት አለች።»

አንዱ ፖሊስ ካቴናውን አውጥቷል። ሚስትየው ሰሊማ ጡት የሚጠባ ልጇን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች፤ እሷ ከታሰረች ልጁም አብሯት መታሰሩ ነው።

«በምን ተጣላችሁ?» አለቻት ውባለም።

«በእሷ!» ሰሊማ ድርጭቷን በአገጯ ጠቆመች። «ከጫጩትነቷ አንስቶ በእጁ ነው ያሳደጋት። ለእሷ ያለውን ግማሹን ለእኔ ቢያደርገው ምን ነበረበት? ቀንቻለሁ፣ አልክድም። ያጠራቀመውን እንቁላሏን ሁሉ ለቁርስ ጠበስኩት፤ አንድ አላስቀረሁለትም። ጮኸብኝ፣ ጮህኩበት። ሲራገም ትቼው ነው አውቶቡስ የተሳፈርኩት።»

«እንቁላል የምትጥለው መቼ ነው?»

«እንደ ዶሮ በጠዋት መሰለዎት? ከአስር ሶላት በኋላ ነው፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ። ያውም እሱ አጠገቧ ከተቀመጠ!»

ውባለም ጓሮ ወጥታ ቆሻሻውን በእንጨት በታተነችው። ቅርፊቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ዝንጉርጉር ሆነው ወፍራሙ ጫፋቸው ጥላሸት የነካው ይመስላል።

የያሕያ አብሮ አደግ አብዱልሀኪም ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል። «ጠዋት መጥቼ ነበር» አለ። «ትኩሱን እንቁላል ከወፏ ሥር አንስቶ ሰጠኝ። በፍቅር ተለያየን። ስወጣ ነው ሰሊማ ስትጮህበት የሰማሁት።» መሐረቡን ፈታ። እንቁላሉ ጫፉ ላይ ያው ጥላሸት አለበት።

«የጫት በርጫ ላይ አትለያዩም ነበር አሉ» አለችው ውባለም።

«ድሮ! ይቺ ወፍ ከመጣች ወዲህ ከሰዓት በኋላ ያሕያ የለም። እኔ ብቻዬን ግድግዳ አያለሁ።»

የቀናች ሚስት ባለችበት ቤት፣ የቀና ወንድ ልፈልግ የሚል ፖሊስ እምብዛም አይገኝም። ውባለም ግን የዚህ ሰው አነጋገር አልጣማትም።

በማግስቱ ከቀብር መልስ ሦስቱንም ማንጎው ጥላ ሥር ሰበሰበቻቸው።

«አቶ አብዱልሀኪም የያዙት እንቁላል የዚችው ድርጭት ነው» ብላ ጀመረች። «ጥያቄው መቼ ተጣለ የሚለው ነው። ጠዋት በዚህ ቤት የተረፈ እንቁላል አልነበረም፤ ሰሊማ ጠብሳዋለች፣ ቅርፊቱንም አይቼዋለሁ። በጠዋት ደግሞ አትጥልም። እትዬ ዘምዘም፣ ሰሊማ ዋሽታለች?»

እትዬ ዘምዘም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «አልዋሸችም» አሉ እያንገራገሩ። «ሁሌም ከአስር በኋላ ነው።»

«እንግዲያው ያሕያ እስከዚያ ድረስ በሕይወት ነበር፤ እሱ ከሌለ አትጥልማ። በዚያ ሰዓት ሰሊማ አጣዬ ለቀስተኛ መሀል ነበረች፤ ደውዬ አረጋግጫለሁ። እርስዎም እትዬ፣ ከሠራተኞችዎ ጋር ሽንኩርት ማሳ ላይ ነበሩ። ትኩሱን እንቁላል ያነሳው ሰው አንድ ብቻ ነው።» ወደ አብዱልሀኪም ዞረች። «ወዳጅዎ የከሰዓቱን በርጫ ለምን እንደተወ አንድ ቀን ጠይቀውት ቢሆን ኖሮ፣ ጠዋት ነው ብለው ባልዋሹ ነበር።»



«እንደ ድሯችን እንቀመጥ ልለው ነበር የመጣሁት» አለ አብዱልሀኪም። «ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ‹ዝም በል፣ ታስደነግጣታለህ› አለኝ። እኔን! ከልጅነቴ ጀምሮ ያለ እሱ ወዳጅ የሌለኝን! ገፋሁት። ድንጋዩን አላየሁትም፣ ወላሂ። እንቁላሉን ልጨፈልቀው ነበር ያነሳሁት፤ እጄ ላይ ሲሞቀኝ አቃተኝ።»

ካቴናው እጁ ላይ ሲገባ አልተከላከለም። ሰሊማ ልጇን እንዳቀፈች ተነስታ ፊቱ ቆመች።

«እኔንማ» አለችው፣ «በየቀኑ ነበር ዝም በይ የሚለኝ።»