የ«ሚዛን» አስተያየት

ሬሳው ከአራተኛው ፎቅ ሰገነት ሥር ወድቆ ነበር፤ ካሜራው አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ። መርማሪዋ ሰገነቱ ላይ ወጥታ የብረቱን አጥር ነካ ብታደርገው ተወዛወዘ። ብሎኖቹ ተፈትተው ግድግዳው ሥር ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ገዳዩ ጥንቁቅ ሰው ነው፤ እሷ ደግሞ ጥንቁቅ ሰው አትወድም።

ሟቹ መንገደኛን በጥቁርና ነጭ ፊልም እያነሳ ኢንተርኔት ላይ ይለጥፍ ነበር። ስንቱ እያደነቀው፣ «ሚዛን» የተባለ አንድ ተመልካች ግን ሁለት ዓመት ሙሉ በነገር ሲወጋው ኖሯል።

«ተወው ስለው ‹እውነቱን የሚነግረኝ እሱ ብቻ ነው› ይለኛል» አለች መምህርት የሆነችው ሚስቱ። «አንድ ቀን ጥሩ ነው እስኪለው ነበር የሚጠብቀው።»

የ«ሚዛን» የመጨረሻ አስተያየት እንዲህ ይላል፦ «ፈሪ ነህ። ከሰገነትህ አጥር ተደግፈህ ወደ ውጭ ካልተንጠለጠልክ ያ መንገድ ፎቶ አይወጣውም።» ከሥሩ ሟቹ መልሷል፦ «ልክ ነህ። ነገ ጠዋት እሞክራለሁ። አመሰግናለሁ።»

«እኔም ስተቸው ነበር፤ ግን በስሜ ነው» አለ የሟቹ ጓደኛ፣ በጄሶ የታሰረ እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ።

የሟቹ ታላቅ ወንድም እዚያው ሕንጻ ምድር ቤት ስቱዲዮ አለው፤ ፊልሙን የሚያጥብለትም እሱ ነበር። ጠርሙሶቹ ሁሉ በመስመር ተደርድረዋል። «ካሜራ ያስያዝኩት እኔ ነኝ! እኔ ከጨለማ ክፍሌ የት እወጣለሁ?» አለ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እሱ ግን ደረቅ ዓይኑን በመሐረብ ይጠርግ ነበር።

በአራተኛው ቀን መርማሪዋ ሦስቱንም ስቱዲዮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ይህን ፎቶ ማክሰኞ ቀትር ላይ አነሳው» አለች። «‹ሚዛን› ‹ቀዩ ጃንጥላ ዓይን ይሰርቃል› ብሎ ጻፈበት።»

«ታዲያ?» አለ ታላቅየው።

«ጃንጥላው እዚህ ላይ ግራጫ ነው። ፊልሙ ቀለም የለውም። ቀይ መሆኑን የሚያውቀው እዚያው ቆሞ ያየ ሰው ነው። ሚስቱ በዚያ ሰዓት አርባ ተማሪ ፊት ነበረች። ጓደኛው እግሩ ከተሰበረ ወር ሆኖታል፤ እስከ ዛሬ ከቤቱ አልወጣም፣ አራት ፎቅም አይወጣም። እርስዎ ደግሞ ከጨለማ ክፍልዎ አይወጡም፤ አይደል?»

መሳቢያውን ሳበችው። ባለ ቀለም ፎቶዎች ሞልተውበታል። ያው መንገድ፣ ያው ቀይ ጃንጥላ፤ ጃንጥላ የያዘችው ሴት ግን አልፋ ጀርባዋ ብቻ ይታያል።

«ሁለት ዓመት ከኋላ ከኋላው ሄደዋል» አለች። «ሁልጊዜ አንድ እርምጃ ዘግይተው። ሲያቅትዎ አጥሩን ፈትተው እዚያ እንዲደገፍ ጻፉለት።»

«ጋሼ!» ሚስቱ ጮኸች። «እርስዎን እኮ ነው ያመሰገነው!»

ታላቅየው አልካደም። «ያ ዓይን የእኔ ነበር» አለ። «እኔ ሰጠሁት፤ ሰው ሁሉ እሱን ብቻ አየ።»

መርማሪዋ ካቴና አጥልቃለት የመጨረሻውን ፎቶ ፊቱ አስቀመጠች። ሟቹ አንገት ላይ ከነበረው ካሜራ ያወጣችውን ፊልም ሌላ ፎቶ ቤት ነበር ያሳጠበችው። ከላይ የተነሳ ሰው የሞላበት መንገድ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ሰው አንዲት ሴት ብቻ ቀና ብላ፣ አፏን በእጇ ይዛለች። የሚወድቀውን ሰው ያየችው እሷ ነበረች።

ታላቅየው እጁ በካቴና እንደታሰረ ጎንበስ ብሎ ጠርዙን አየ፤ ብርሃኑን አየ።

«ይሄኛው ጥሩ ነው» አለ።

ባሏ ሁለት ዓመት የጠበቀውን ቃል ሚስቱ ሰማችለት።