ዲስኩ ላይ ያልደረሰው ስም

እኔ በመንፈስ፣ በጥላ፣ በምናምን የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይህን መጀመሪያ ያዙልኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ኮምፒዩተር ስጠግንና ፕሮግራም ስጽፍ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፣ "ማሽኔን ሰው ዓይን ጥሎበት ነው" ያለኝን ደንበኛ ሁሉ ስቄበት፣ አቧራውን አራግፌ መልሼለታለሁ። አሁን የምነግራችሁን ግን ለማንም አውርቼው አላውቅም፣ ባሰብኩት ቁጥር የምናደደው በራሴ ነውና።

ከከተማው ዳር ያለ አንድ ቤተ ክርስቲያን የሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ፣ ቄስ ወርቁ ይባላሉ፣ የምእመናኑን መዝገብ በኮምፒዩተር አድርግልን አሉኝና ሠራሁላቸው፣ ስም፣ የክርስትና ስም፣ የተመዘገበበት ቀን፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የሞት ቀን። ከወለጋ ተፈናቅለው መጠለያ የገቡ ሰዎችም እዚያው ይመዘገቡ ነበር። ታዲያ ኩራት አይጣል ነው፣ "አባ፣ ከእንግዲህ ደብተሩን ይተዉት፣ ሁለት ጊዜ መጻፍ ምን ያደርጋል?" አልኳቸው፣ እሳቸውም ተዉት።

አንድ ቀን ጠዋት ደወሉልኝ። "ልጄ ቶሎ ድረስ፣ ሰዎቹ ከመዝገቡ ጠፍተዋል፣ ቀብር አለብን!"

ስደርስ ጉሙ ግቢውን ሸፍኖታል፣ ቢሮው በር ላይ አንዲት ሴት ነጠላዋን ዘቅዝቃ ተቀምጣለች። አለሚቱ ትባላለች፣ ሌሊት ያረፉት የአቶ ደምሴ ልጅ ናት፣ ከአባቷ ሌላ ሰው አልነበራትም። ቀብሩ ስምንት ሰዓት ነው፣ በፍትሐቱ ላይ የሚጠራው ደግሞ የክርስትና ስም ነው፣ እሱን የሚያውቅ ሰው የለም። ቄስ ወርቁ አቶ ደምሴን በመዘገቡበት ቀን ስንቱን መዝግበው ከየት ያስታውሱት?

"እናቴ ታውቀው ነበር፣ እሷ እዚያው ወለጋ ቀረች" አለችኝ። "የክርስትና አባቱ ስልክ አይሠራም። ወንድም ዓለም፣ አባቴ አገሩን አጥቷል፣ ስሙን እንኳ ይዞ ይቀበር።"

ምን ይባላል? ገብቼ ፋይሉን ከፈትኩት። የቀድሞዎቹ ሰዎች በሙሉ አሉ፣ መጨረሻ የተመዘገቡት አሥራ ስድስት ሰዎች ያሉበት ገጽ ግን ከዳር እስከ ዳር ዜሮ ነው፣ አንድ ፊደል የለበትም። ቫይረስ ፈለግሁ፣ የለም። ዲስኩን መረመርኩ፣ ጤነኛ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ከራሴ ፕሮግራም ጋር ተጨቃጨቅሁ፣ በመጨረሻ ተስፋ ቆርጬ ቄስ ወርቁን "ሲጨርሱ እንዴት ነው የሚያጠፉት?" ብላቸው "ደወል ሲደወል ሶኬቱን እነቅላለሁ" አሉኝ፣ ረጋ ብለው። "ቅዳሴ እየተገባ ይህ ዕቃ እዚህ ያጉረመርማል እንዴ? ነውር ነው።"

እመኑኝ፣ ቄስ ባይሆኑ እጮህባቸው ነበር። ጥፋቱ ግን የኔ ነው። ማሽኑ አሮጌ ስለሆነ እንዲፈጥን ብዬ ፋይሉን እንዳለ ሚሞሪው ላይ ዘርግቼዋለሁ፣ እሳቸው የሚጽፉት እዚያ ላይ ነው፣ ኮምፒዩተሩ ደግሞ ሲመቸው ወደ ዲስኩ ይገለብጠዋል። ጥቁር ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ደብተርህ ላይ ሳትገለብጥ ቢያጠፉብህ ማለት ነው። ለሚመጡት ሰዎች ቦታው ዲስኩ ላይ አስቀድሞ ተለክቷል፣ ሰዎቹ ግን ሶኬቱ ሲነቀል ከሚሞሪው ጋር ጠፍተዋል። የአቶ ደምሴ ስም ዲስኩ ላይ ተጽፎ አያውቅም። ያልተጻፈ ነገር አይመለስም፣ በቃ።

ይህን ለልጅቱ እንዴት እንደምነግራት እያሰብኩ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ብዬ ዲስኩን ፈትቼ ከላፕቶፔ ጋር በገመድ አገናኘሁት፣ ማንም ምንም እንዳይጽፍበት ቆልፌ። ያው ዜሮ። ንድድ ብሎኝ ገመዱን መንጭቄ ነቀልኩት።

ዲስኩ ቀጭ አለ።

ሞተሩ ይሆናል፣ ሊቆም ሲል ነው ብዬ እጄን ጫንኩበት፣ ቀዝቅዟል፣ አይንቀጠቀጥም። ቀጭ። ቆም። ቀጭ። ድምፁን አወቅሁት፣ ቄስ ወርቁ በአንዲት ጣታቸው ፊደል እየፈለጉ ሲጽፉ ቁልፎቹ እንዲሁ ነው የሚሉት፣ እሳቸው ግን በመስኮቱ ይታዩኛል፣ ጉሙ ውስጥ ከቀባሪዎች ጋር ቆመዋል። ዞር ብዬ ላፕቶፑን ሳየው፣ ገመዱ በተነቀለበት ማሽን ላይ፣ ዜሮዎቹ መሀል አንድ ፊደል ወጣ። ቀጭ ሲል ሌላ። "ደምሴ"፣ ቀጥሎ "ወልደ ጻድቅ"። ከሥሩ የሌላ ሰው ስም መጻፍ ጀመረ፣ "አለሚቱ"፣ ከአባቷ ጋር ነዋ የተመዘገበችው፣ የክርስትና ስሟ፣ የተመዘገበችበት ቀን፣ እዚያ ላይ ይቆማል ብዬ ስጠብቅ አልቆመም። የሞት ቀን የሚለው ቦታ ላይ "ሰኔ" ብሎ ጻፈ። ዓመቱን ሳይጽፍ ላፕቶፑን ከደንኩት።

በሩ ላይ ቆማ ነበር። "አገኘኸው?"

"ወልደ ጻድቅ" አልኳት፣ እጄ ላፕቶፑ ላይ እንደተጫነ። እግሬ ላይ ወድቃ አለቀሰች፣ ማንሳት አቃተኝ። አባቷ በዚያ ስም ተፈቱ፣ በዚያ ስም ተቀበሩ። ሁሉም ከሄደ በኋላ መልሼ ከፈትኩት፣ ዜሮ፣ ከዳር እስከ ዳር።

ዓይኔ ነው፣ ድካም ነው፣ ሳልበላ ስለዋልኩ ነው ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር። በአርባው ሰሞን ግን የክርስትና አባትየው ስልክ ተገኘ፣ አለሚቱ እየሳቀችም እያለቀሰችም ደወለችልኝ። "ወልደ ጻድቅ ነው አሉኝ! ያንተን ውለታ በምን ልክፈለው?" ውሸት ቢሆን ኖሮ ምን ነበረበት? ስሙ እውነት ከሆነ ያኛውስ፣ ከሥሩ የተጻፈው ሰኔ?

ባለፈው ሳምንት የጠፉትን ሰዎች እንደገና ስንመዘግብ መጣች፣ ቄስ ወርቁ አሁን ደብተርም ይዘዋል። ተራዋ ደርሶ ፊቴ ተቀመጠች፣ የክርስትና ስሟን ስትነግረኝ ያየሁት ራሱ ነው።

"እንዲያው ያን ዕለት፣ የአባቴ ሲወጣ የእኔም አብሮ ወጥቶ ነበር?" አለችኝ።

"የለም፣ ያንቺ አልወጣም" አልኳት።

"ይሁን፣ እኔማ አለሁ" ብላ ሳቀች።

መዝግቤ ጨረስኩ፣ የመጨረሻውን ቦታ ባዶ ተውኩት፣ ዲስኩ ላይ መድረሱንም ሦስት ጊዜ አረጋገጥኩ። ሰኔ ሊገባ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል፣ የየትኛው ዓመት ሰኔ እንደሆነ አላውቅም፣ ያን ቀን ላፕቶፑን ባልከድነው ኖሮ አውቀው ነበር።