ከ«አለሁ» በኋላ

ሟቹ በአንድ የሶፍትዌር ድርጅት የሰርቨር ክፍል ውስጥ፣ በሩ ሥር ተደፍቶ ተገኘ። እሳት ሳይኖር የእሳት ማጥፊያው ጋዝ ተለቆ አፍኖታል፤ በሩም በኮምፒውተር ትእዛዝ ከውጭ ተቆልፎበታል። ይህን ከየጠረጴዛቸው ሊያደርጉ የሚችሉት ሦስት ናቸው፦ ሥራ አስኪያጁ፣ የኮድ ፈታሹና የሟቹ ታናሽ እህት። የእሷ ጠረጴዛ ከበሩ አጠገብ ስለሆነ የሁሉም ዓይን እሷ ላይ አረፈ።

«ድረሱልኝ አላለሽም?» አሏት መርማሪዋ።

«ቢለኝማ በሩን በጥርሴም ቢሆን እከፍተው ነበር። እናቴ እንኳ ፊቷን አዞረችብኝ። አሁን ደግሞ ከኮምፒውተር ውስጥ ይጠራኛል፤ ይዩት እትዬ።»

ድርጅቱ ኮምፒውተሮች እርስ በርስ የሚገናኙበትን የስርዓተ ክወና የኔትወርክ ኮድ ይጽፋል። ልጅቷ ወንድሟ በኮዱ ላይ ያደረገውን የመጨረሻ ሙከራ ደግማ «አለህ?» ስትል ለድርጅቱ ኮምፒውተሮች ላከች። ሁሉም «አለሁ» አሉ፤ ከዚያ ትርጉም የሌለው ፊደል ተከተለ። አንዱ ግን «አለሁ። በሩ ተቆልፏል። አፈነኝ። ድረሱልኝ።» አለ።

አጠገባቸው የነበረው ፈታሽ ወደ ኋላ አፈገፈገ። መርማሪዋ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ።

«መንፈስ ነው?» አሉ።

«ኖ፣ ስሕተት ነው» አለ ፈታሹ። «ጠያቂው ‹መልሱ ይህን ያህል ይርዘም› ካለ ኮዱ ሳያጣራ ያምነዋል። የጎደለውን ከኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ ከሜሞሪው፣ ዘግኖ ይሞላል። ሟቹ ይህ ሳይታረም ምርቱ አይውጣ ብሎ ነበር።»

«ክፍሉ ሲቆለፍ ከውስጥ ለማን መጻፍ ይቻላል?»

«በሩን ለቆለፈው ኮምፒውተር ብቻ። ሌላው መስመር ይዘጋል።»

«ኮምፒውተር ሲጠፋስ ማስታወሻው?»

«ባዶ ይሆናል።»

መርማሪዋ «ድረሱልኝ» ያለው ኮምፒውተር የማን እንደሆነ አይተው ሥራ አስኪያጁን አስጠሩ።

«እሱ የሞተ ዕለት የት ነበሩ?»

«ከመሞቱ በፊት ረፋዱ ላይ ኮምፒውተሬን አጥፍቼ ወጣሁ። የከፈትኩት ዛሬ ነው።»

«እንግዲያው የሟቹ ጥሪ በእርስዎ ኮምፒውተር ውስጥ ምን ይሠራል? ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ይደመሰስ ነበር። ሳይቆልፉበት ደግሞ ሊደርስዎ አይችልም። ስሕተቱ ከማስታወሻዎ ዘግኖ አወጣው።»

ሰውየው ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። «ምርቱ እስኪወጣ ዝም በል ብዬ ለምኜው ነበር» አለ። «እምቢ አለኝ።»

«ሲጠራዎት አነበቡት?»

ሥራ አስኪያጁ ፊቱን ከስክሪኑ አዞረ።

ፖሊሶች ከወሰዱት በኋላ መርማሪዋ ለእናቲቱ ደወሉ፤ ከስልኩ ወዲያ ልቅሶ ተሰማ። «ነይ ትልሻለች» አሏት ልጅቷን።

«አንድ ሥራ ቀርቶኛል፣ እትዬ።»

ማስረጃው ተቀድቷል። ወንድሟ ሲለምን የኖረውን ማጣሪያ ጻፈች። የመጨረሻውን ቁልፍ ከመጫኗ በፊት እጇ ቆመ፤ ከዚህ በኋላ እንደማይጠራት ታውቃለች። ተጫነችው።

«አለህ?» ብላ ላከች።

«አለሁ» አለ ኮምፒውተሩ።

ጠበቀች። ሌላ ምንም አልመጣም። ያን ጊዜ አለቀሰች።