የእማማ ጊና ማሞቂያ

«ጨረስሽ?» አሉ መምህር ቶንቼቭ ወደ ኔቬና ደብተር ጎንበስ ብለው።

ኔቬና ራሷን ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቀች። በእኛ አገር ይህ «አይ» ማለት ነው፤ «አዎ» ስንል ነው ራሳችንን ግራና ቀኝ የምንወዘውዘው።

የቤት ሥራው ቀላል ነበር፤ የአንድ የቤት ዕቃ ቮልቴጅና ከረንት ጽፎ መምጣት፣ ከዚያ ሬዚስታንሱንና ኃይሉን ማስላት። ሌሎቹ ስለ ፀጉር ማድረቂያና ስለ ውሃ ማፍያ ጻፉ። ኔቬና የጻፈችው የጎረቤታቸውን የእማማ ጊናን ማሞቂያ ነው፤ አምና አባቷን የገደለውን። ከአመዱ ውስጥ ያነሳችው የማሞቂያው ቁራጭ ቆርቆሮ እስካሁን መሳቢያዋ ውስጥ አለ። 220 ቮልት፣ 5 አምፔር ይላል። ሰው የሚገድል ነገር ስንት ዋት እንደሚሆን ማየት ፈልጋ ነበር።

220 ለ5 ሲካፈል 44 ኦም። 220 በ5 ሲባዛ 1100 ዋት።

«ይሄ ብቻ?» አለ አጠገቧ የተቀመጠው ፕላመን አሾልኮ እያየ። «የእህቴ ፀጉር ማድረቂያ ራሱ ሁለት ሺህ ነው። ይሄማ ድመት እንኳ አያሞቅም!»

ኔቬና አልሳቀችም። ቁጥሩ ለእሷም አንሶባት ነበር። እጇን አወጣች።

«መምህር፣ አምስት አምፔር የግድግዳ ሽቦ ያቃጥላል?»

«ብቻውን? ኧረ በጭራሽ።»

«ሁለት የቃሪያ መጥበሻና ጠርሙስ የሚቀቀልበት ምድጃ አብረውት ከተሰኩስ? እነሱ አሥራ አምስት ቢወስዱ?»

«ሃያ አምፔር! ለአሮጌ ሽቦ ብዙ ነው። ፊውዙ ስንት ነው?»

«አሥር።»

«እንግዲያው ሽቦው ሳይግል ፊውዙ ይቃጠልና መብራቱ ይጠፋል። ሥራው እኮ እሱ ነው።» መምህር ቶንቼቭ ለመንደሩ አዲስ ናቸው፤ የማንን ቤት እያነሱ እንደሆነ አላወቁም። «የመንደራችሁ ጀግና በመዳብ ሽቦ ካልጠመጠመው በቀር!»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ፊውዙ በሽቦ ያልተጠመጠመበት ቤት ቢፈለግ አይገኝማ።

ኔቬና ግን እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። በየመኸሩ ለብርዱ ወራት የሚቀመጠው ቃሪያ ሲጠበስና በጠርሙስ ታሽጎ ሲቀቀል ፊውዙ እየተቃጠለ ያስቸግራል። አምና አባቷ ራንጌል መረረው። ባትሪ አብርታ የያዘችለት እሷ ነች፤ ሽቦውንም ያቀበለችው እሷ ነች። «በቃ፣ የኔ ሎሌ!» አላት እየሳቀ፣ «ከእንግዲህ ይሄ እኛን ቀብሮ ነው የሚሄደው!»

በሦስተኛው ቀን ጠርሙሶቹ እስኪፈሉ ጓሮ ያለችው የእንጨት ክፍል ውስጥ ከእማማ ጊና የተዋሰውን ማሞቂያ ሰክቶ ጋደም አለ። ግድግዳው ውስጥ የጀመረው ጭስ እንቅልፍ ላይ አገኘው። ሰው ሁሉ የቀለጠውን ማሞቂያ አየና «የጊና ማሞቂያ ነው!» አለ። እማማ ጊና ለቀብር ሲመጡ እናቷ ከበር መለሰቻቸው። በበለስ ማርማላታ ያሳደጓት ኔቬናም ዓመት ሙሉ ሰላም አላለቻቸውም።

አባቷን ሞት ወስዶታል፤ አሁን ደግሞ ጥፋቱን ልታወጣበት ነው። ደብተሯ ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

ቤት ስትደርስ እናቷ የሙት ዓመቱን ማስታወቂያ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታዋለች። በየወረቀቱ ላይ አባቷ ፈገግ ብሏል። አጠገቡ ስኳር የተነሰነሰበት የስንዴ ንፍሮ በኩባያ በኩባያ ተደርድሯል።

«በየበሩ ለጥፊ፣ ንፍሮውንም አድይ» አለች እናቷ። «የዚያችን ሴትዮ በር ግን ዝለይው። ሰማሽ?»

ኔቬና ራሷን ግራና ቀኝ ወዘወዘች። ደብተሯን ብብቷ ስር ሸጉጣ ወጣች።

መንገዱን ሁሉ አዳርሳ አንድ ወረቀትና አንድ ኩባያ ቀራት። ቀለሙ የተላጠው ሰማያዊ በር ላይ ስትለጥፍ እማማ ጊና ግድግዳ እየተደገፉ ወጡ። ፎቶውን በጣታቸው ነኩት።

«ኔቬና፣ የኔ ልጅ… ‹ጣይው ይሄን አሮጌ› እያሉኝ አዋስኩት። ዓመት ሙሉ እንቅልፍ የለኝም። የኔ ማሞቂያ ነው አይደል የገደለው?»

ኔቬና ራሷን ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቀች።

«ምን?» አሉ እማማ ጊና በሩን ጨብጠው።

«አይደለም፣ እማማ። አስልቼዋለሁ። ፊውዙን በሽቦ ጠምጥመነው ነበር፤ አባዬና… እኔ። ባትሪ ይዤለት።»

እማማ ጊና ደጃፋቸው ላይ ያለችው አግዳሚ ላይ ዘጭ አሉ። ከዚያ እጇን ስበው ጉንጫቸው ላይ አደረጉት፤ ጉንጫቸው እርጥብ ነበር።

«እናትሽ ታውቃለች?»

ኔቬና እንደገና ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቀች።

አሮጊቷ የራንጌልን ፎቶ ረጅም ጊዜ አዩት። «እንግዲያው አትንገሪያት» አሉ ቀስ ብለው። «ባሏን ሁለቴ አትቅበር። እኔ እንደሆን ለምጄዋለሁ፤ ስንት ቀን ልኖር? የጊና ማሞቂያ ነው እንደተባለ ይቅር። እሺ፣ ልጄ?»

ኔቬና ኩባያውን ጭናቸው ላይ አስቀመጠች። ራሷን ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቀችና፣ ደብተሯን ለእናቷ ልታሳይ ከብብቷ አውጥታ ወደ ቤቷ ተመለሰች።